እንግዳው በጐንደር ሌሊት ምን ያያል?

በጐንደር ከተማ እንግዳ በመምራት የሚተዳደር አንድ የንስሐ ልጅ አለኝ። በአንድ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ከቅጽሩ ጥላ ሥር ቆሞ ጠበቀኝና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። «አባቴ፣ እንግዶች ከሩቅ አገር ይመጡልኛል። ቀን የነገሥታቱን ግቢ አሳያቸዋለሁ። ማታ የከተማውን ጨዋታ አሳየን ሲሉኝ አዝማሪ ቤት እወስዳቸዋለሁ። በዓል የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከዚያው አንሥቼ ወደ ማሕሌት አመጣቸዋለሁ። በአንድ ሌሊት ሁለቱንም ያያሉ፤ የሚከፍሉኝም ለሁለቱ አንድ ዋጋ ነው። ልጆቼን የማሳድገው በዚህ ነው። ኃጢአት ነውን?»

ይህን የጠየቀኝ በኑዛዜ አይደለም፤ በኑዛዜ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልጻፍሁት ነበር። እንዲያውም ጻፈው ብሎ የለመነኝ እርሱ ነው፤ በሥራ የሚመስሉት ባልንጀሮቹም በዚሁ ነገር ኅሊናቸው እንደሚወቅሳቸው ነግሮኛል።

ወዲያው አልመለስሁለትም። እውነቱን ለመናገር ሁለት መልሶች በአንደበቴ ላይ ነበሩ፤ ሁለቱም ቀላል ነበሩና ፈራኋቸው። አንደኛው «ተው፣ ነፍስህን አድን» የሚለው ነው። ይህን የሚል ካህን ለልጆቹ እንጀራ ከወዴት እንደሚመጣ አብሮ ሊናገር ይገባዋል። ሁለተኛው «ምን አለበት፣ ማየት ብቻ ነው» የሚለው ነው። ነገር ግን ማየት ብቻ የሚባል ነገር መኖሩን መጻሕፍት አላስተማሩኝም። ሔዋን አስቀድማ ያየችው በዐይንዋ ነው፤ ዳዊትን የጣለው በሰገነቱ ላይ ሲመላለስ ያየው ነው፤ ዘኬዎስን ግን ጌታን ለማየት ከሾላ ዛፍ ላይ መውጣቱ ወደ መዳን አደረሰው። እንግዲህ ዐይን የሞትም የሕይወትም በር ከሆነ፣ የሰውን ዐይን እየመራ የሚውል ሰው ሥራው ቀላል ሥራ አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንናገር። «ጐበኘ» የሚለው ቃላችን ዛሬ ወደ ፎቶግራፍና ወደ ሆቴል ተጠግቶ ይኖራል እንጂ የትውልድ ቦታው ሌላ ነው። ገበሬ ማሳውን ይጐበኛል፤ አረም ያየ እንደ ሆነ ይነቅላል፣ አጥሩ ፈርሶ ቢያገኘው ያጥራል። ዘመድ የታመመ ዘመዱን ይጐበኛል፤ ባዶ እጁን አይሄድም፣ ሲመለስም የበሽተኛውን ጭንቀት እኩሌታ በልቡ ይዞ ይመለሳል። በግእዝ «ሐወጸ» የምንለው ይህንኑ ነው፤ እግዚአብሔር ሕዝቡን ጐበኘ ሲባል በእነርሱ ላይ ያለውን ሊሸከም ወረደ ማለት ነው። በመጨረሻው ቀን ጌታ ከሚጠይቀን አንዱ የታመመውን መጐብኘታችንን ነው። ስለዚህ በቀድሞው ቃል ጐብኚ ማለት አይቶ የማይሄድ ሰው ነበር። በዛሬው ቃል ግን ጐብኚ ማለት አይቶ የሚሄድ ሰው ነው። አንድ ስም ለሁለት ሰው ወጥቷል፤ የልጄም ጥያቄ ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛውን እየመራህ ነው ወደሚል ይመለሳል።

እንግዳው ቀን የሚያየውን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ። ዐፄ ፋሲል ጐንደርን በ1628 ዓ.ም. ቈረቈሯት፤ እርሳቸውና ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት በአንድ ቅጥር ውስጥ ግንብ በግንብ ላይ ጨመሩ፤ ግቢውም በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከግቢው ጥቂት ወረድ ሲሉ ጣልያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ሲቆይ የሠራውና እስከ ዛሬ ፒያሳ የሚባለው ሠፈር ይገኛል። ደቀ መዛሙርቱ የመቅደሱን ድንጋይ ታላቅነት ለጌታ ባሳዩት ጊዜ የተቀበሉትን መልስ የምናውቅ ሰዎች፣ በግንብ መመካት እንደማይገባ እናውቃለን። ጐንደርም ታውቀዋለች። በ1859 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ተዘርፋ ተቃጥላለች፤ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ አብያተ ክርስቲያናቷን በእሳት አውድሟል። ጐንደር ሞልታ ያልጎደለች ከተማ አይደለችም፤ ታማ የተነሣች ከተማ ናት። ይህን ቃል አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አድያም ሰገድ ኢያሱ የተከሏት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከዚያ እሳት ተርፋለች፤ ደርቡሽን ንብ እንደ መለሰው በቃል ሲነገር ወርዷል። እንግዳው ወደዚያ በገባ ጊዜ አንገቱን ቀና ያደርጋል። በጣራው ላይ የተሣሉት መላእክት ክንፍና ፊት ብቻ ናቸው፤ ዐይናቸውም ትልልቅ ነው፤ ሁሉም ወደ ታች ይመለከታሉ። በዚያች ከተማ ጐብኚው ሊያይ ገብቶ የሚታይባት ቦታ ያቺ ትመስለኛለች። አንዳንዱ ይህ ነገር ሳያውቀው ያገኘውና ዝም ይላል። እንዲህ ዝም ያለ እንግዳ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ማታው እንሂድ። እኔ ካህን ሆኜ በአዝማሪ ቤት አልተቀመጥሁም። ነገር ግን ተማሪ ሳለሁ ቁራሽ ለምነን ስንመለስ በአንድ የጠጅ ቤት ግድግዳ ሥር ከባልንጀሬ ጋር ቆመን እንሰማ ነበር፤ የኔታ ቢያውቁ ኖሮ ቅጣቱ ቀላል አይሆንም ነበር። የምንሰማው ለዘፈኑ አልነበረም፤ ለቃሉ ነበር። በቀን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠን ሰምና ወርቅ ስንፈልግ ውለን፣ በማታ አንድ ፊደል ያልቆጠረ ሰው በማሲንቆው ላይ ሆኖ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ሲናገር፣ ሰካራሙ ሰሙን ሰምቶ ሲስቅ፣ ወርቁን የሰማ አንድ ሽማግሌ ግን አንገቱን ሲደፋ በቀዳዳ አይተናል። ቅኔ የቤተ ክርስቲያን ብቻ ነች ብዬ ከዚያ ወዲህ አፌን ሞልቼ ተናግሬ አላውቅም። በከተማው ዳርቻ ቡርቧክስ በምትባለው መንደር ማሲንቆ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ልጆቹ በአፍ መፍቻቸው ግጥም ይማራሉ። ሕዝባችን እነዚህን ሰዎች በማታ ይሸልማቸዋል፣ በቀን ግን ልጁን አይድርላቸውም። ይህ ግፍ ነው፤ ግፉንም የሠራው ማሲንቆው አይደለም።

ሐዋርያው ለገላትያ ሰዎች በጻፈው ዘፈንን ከስካር አጠገብ እንዳስቀመጠው አልዘነጋሁም። ማንም በእኔ ስም ከሌሊት እስከ ንጋት በመጠጥ ቤት መዋል ተፈቀደ እንዳይል። ነገር ግን ነቢዩ ኢሳይያስ በአምስተኛው ምዕራፍ የሌሊት ጠጪዎችን ሲወቅስ የሚለውን ልብ ብለን እንመልከት። ማሲንቆና በገና፣ ከበሮና ወይን በግብዣቸው እንደ ነበረ ይዘረዝራል፤ ወቀሳው ግን በመሣሪያው ላይ አይወድቅም፤ በመዝሙረ ዳዊት ያው መሣሪያ እግዚአብሔርን ለማመስገን የተጠራ ነውና። ወቀሳው የሚወድቀው የእግዚአብሔርን ሥራ ባለማየታቸው ላይ ነው። እነሆ፣ ሌሊት የሚያመሽ ሰው በነቢዩ ዘንድ የተከሰሰው ስላየ ሳይሆን ስላላየ ነው።

አዝማሪው እንግዳ በገባ ጊዜ የሚያደርገውን ሁሉም ያውቃል። ስሙን ይጠይቃል፤ አገሩን ይጠይቃል፤ ወዲያውም በዚያ ስም ላይ ግጥም ያወርዳል። ጀግና ነህ፣ ቸር ነህ፣ መልከ መልካም ነህ ይለዋል። እንግዳው ቋንቋውን ባያውቅም ስሙን ይሰማል፤ ፊቱም ይበራል፤ ብር አውጥቶ በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። አንዳንድ ጊዜ የሚሞገስ መስሎት የሚሰደብም አይታጣም፤ ቤቱ ሁሉ ሲስቅ እርሱም አብሮ ይስቃል። ይህን ያህል የተናገርሁት ለማሾፍ አይደለም። የዚያ ቤት ሥርዓት አንድ ነገር መሆኑን ለማሳየት ነው፤ ይኸውም የገባው ሰው የምስጋናው መካከል እርሱ ነው።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ያው ሰው ወደ ቅኔ ማሕሌት ይመጣል። ማንም ስሙን አይጠይቀውም። ካህናቱ በሁለት ወገን ቆመው ፊታቸው እርስ በርስ ነው፤ ልባቸው ወደ መቅደስ ነው። ጐንደር የአቋቋም አገር ናት፤ በዓታ ለማርያም የአቋቋም ምስክር የሚወጣባት ደብር ናት፤ ከብዙ አህጉረ ስብከት ተማሪ ወደዚያ ይጐርፋል። እንግዳው ከበሮውን ያያል፤ ጸናጽሉን ይሰማል፤ መቋሚያው በዝማሜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሄድ ያያል። «ይህ ደግሞ ሌላ ጭፈራ ነው፤ ያኛው ፈጣን ነበር፣ ይህ ዝግ ያለ ነው» ይላል። በዐይኑ ብናይ አልተሳሳተም። የከበሮው ሰፊ አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት ምሳሌ መሆኑን፣ በላዩ ላይ የተጠላለፈው ጠፍር የጌታ የግርፋቱ ሰንበር መሆኑን፣ የመቋሚያው መወዝወዝ በዕለተ ዓርብ ወዲያና ወዲህ የተገፈተረበትን የሚያሳስብ መሆኑን ካልነገሩት ከየት ያውቀዋል? ደስታ መስሎት የሚመለከተው ሕማማት ነው። ደስታም ነው፤ በሕማማት በኩል የመጣ ደስታ ነው።

ቅዱስ ያሬድን እናስታውስ። በአክሱም በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ባዜመ ጊዜ ንጉሡ በጣዕሙ ተመስጦ በእጁ የያዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ደሙ ፈሰሰ፤ የተከለውም አላወቀ፣ የተወጋውም አላወቀ። ጦሩ በተነቀለ ጊዜ ንጉሡ ደንግጦ የምትሻውን ለምነኝ አለው፤ ያሬድም ከዚህ ዓለም መለየትን ለመነና ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ፤ በዚያም ተሰወረ ይባላል። ዛሬ እንግዶቻችን ከጐንደር ተነሥተው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው በደባርቅ በኩል ወደዚያው ሰሜን ይወጣሉ። ዋልያን አይተው፣ ጭላዳን አይተው ይመለሳሉ። ማታ በሰሙት ማሕሌት ሁሉ ላይ የሚነሣው ሰው ወደነዚያ ገደሎች እንደ ገባ የሚነግራቸው ጥቂት ነው። በዚያ በአክሱም ጉባኤ ሰሚና ዘማሪ ሁለቱም ራሳቸውን ረስተዋል። ማሕሌትን ከሌላው የሌሊት ዜማ የሚለየው ይህ ነው ብዬ አስባለሁ፤ በዚያ ማንም በስሙ አይሞገስም፣ ዜመኛውም ጭምር።

እዚህ ላይ ግን ጣቴን ወደ ራሳችን እመልሳለሁ። በቅርብ ዓመታት በወረብ ጊዜ ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርጽ ሰው በመጣ ጊዜ ከእኛ ከካህናቱ መካከል ድምፁን የሚያሳምር፣ ጥምጥሙን የሚያስተካክል፣ ፊቱን ወደ መቅደስ ሳይሆን ወደዚያ መብራት የሚያዞር አይቻለሁ። እኔም አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ያን ጊዜ ያ ቅኔ ማሕሌት ከአዝማሪው ቤት በምን ተለየ? እንዲያውም አዝማሪው ከእኛ ይሻላል፤ እርሱ የሚያወድሰው እንግዳውን መሆኑን አይክድም፤ ለሽልማቱም ግንባሩን በግልጥ ያቀርባል።

የንጉሡ የሕዝቅያስ ታሪክ በዚህ ነገር ላይ ብዙ ያስተምራል። ታሞ ሊሞት ቀርቦ ነበር፤ እግዚአብሔር ማረው። ይህን የሰማ የባቢሎን ንጉሥ መልእክተኞች ላከለት። እንግዲህ እነዚያ እንግዶች ጐብኚዎች ነበሩ፤ በቀድሞው ትርጓሜ የታመመን ሊጠይቁ የመጡ ናቸው። ሕዝቅያስም ደስ ብሎት ግምጃ ቤቱን ከፈተላቸው፤ ብሩን፣ ወርቁን፣ ሽቱውን፣ የጦር ዕቃውን አንድ ሳያስቀር አሳያቸው። በሄዱ ጊዜ ነቢዩ ኢሳይያስ ገብቶ የጠየቀው በቤቱ ምን እንዳዩ ነበር። ሁሉን አሳይቻቸዋለሁ ብሎ መለሰ፤ ፍርድም መጣበት። ኃጢአቱ ምን ላይ ነው? እንግዳ መቀበሉ አይደለም። በሩን መክፈቱም ብቻውን አይመስለኝም። ሰዎቹ የመጡት የዳነውን በሽተኛ ሊያዩ ነው፤ እርሱ ግን ማን እንዳዳነው ሳይነግራቸው ወርቁን አሳይቶ ሰደዳቸው። ጐንደር ታማ የተነሣች ከተማ ናት ያልሁት ለዚህ ነው። እንግዳውን ግንቡን፣ ጠጁን፣ እስክስታውን፣ ከዚያም ወረቡን አንድ በአንድ አሳይተን፣ ከዚያ ሁሉ እሳት ማን እንዳስነሣን ሳንነግር የሰደድነው እንደ ሆነ የሕዝቅያስን ሥራ ሠርተናል።

ይህን ስጽፍ የ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ከፊቴ ይመጣል። በዚያ ዓመት የጥምቀት በዓላችን በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከዚያ በኋላ ወር ያህል እንደ ቆየ ጥር 11 ቀን በፋሲል መጠመቂያ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ሰው እንደ ሞላበት ተደርምሶ 10 ያህል ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎችም ቆሰሉ። ከዚያ ወዲህ «ለማየት ስለ ወጡ ነው» የሚል ቃል ከአንዳንድ ሰዎች አፍ ሰምቻለሁ፤ አዝኜአለሁ። የሰሊሆም ግንብ በአሥራ ስምንቱ ሰዎች ላይ በወደቀ ጊዜ ጌታ የሞቱት ከቀሩት ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል። እነዚያ ሰዎች ከእንጨቱ ላይ የወጡት ታቦቱን ለማየት ነው፤ ዘኬዎስም እንጨት ላይ ነው የወጣው። ጥያቄው ወደ ሟቾቹ አይሄድም። በዓሉን ለዐይን ስናሰናዳ ለሚያየው ሰው ነፍስና ሥጋ ምን ያህል ተጠነቀቅን የሚለው ወደ እኛ ወደ ቀረነው ይመጣል። እንጨቱን በመልካም ማሠር ዘንድሮም ከርሞም ከጸሎት የማይለይ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው።

ወደ ልጄ ልመለስ። በሳምንቱ በመጣ ጊዜ ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ጠየቅሁት። «እንግዶችህን ወደ ማሕሌት ባስገባህ ጊዜ አንተ የት ትሆናለህ?» አልሁት። ጥቂት ዝም አለና «አባቴ፣ እስኪወጡ ድረስ መኪናው ውስጥ እተኛለሁ፤ ከማታ ጀምሮ ቆሜ ስለምቆይ ይደክመኛል» አለኝ። «በአዝማሪው ቤትስ?» ብለው «በዚያማ አብሬያቸው እቀመጣለሁ፤ ግጥሙን የምተረጕመው እኔ ነኝ» አለ። ሳቅሁ፤ እርሱም ሳቀ፤ ከዚያ ግን ሁለታችንም ዝም አልን።

ያን ጊዜ የነገርሁት ይህን ነው። ሥራህ ኃጢአት አይደለም። ከጠጣ ሰው ጋር ወደ ቅጽር አትግባ፤ የዚያን ሌሊት ሁለቱንም ካሉህ አንዱን ለሌላ ቀን አድርገው፤ ገንዘብ ቢያጎድልብህም ይህን እሻለሁ። አዝማሪውን አትናቀው፤ ወርቁን ለእንግዳህ ተርጕምለት፤ የተሰደበ እንደ ሆነም ደብቀህ አታስቀው። ወደ ማሕሌት ያመጣኸው እንደ ሆነ ግን መኪና ውስጥ አትተኛ። የማትበላውን ማዕድ ለሰው አታቅርብ። ለእንግዳው የምትነግረው ከመጽሐፍ ያጠናኸው ከሆነ በቃሉ ሰምቶ በቃሉ ይረሳዋል፤ አንተ ቆመህበት ያደርህበት ሌሊት ከሆነ ግን ፊትህን አይቶ ያውቀዋል። እርሱም እንደ ዘመድ ጠያቂ ከሸክማችን አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል። እሺ አለኝ፤ ግን በልቡ እንዳልተቀበለኝ አወቅሁ፤ ድካሙ እውነተኛ ድካም ነውና።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት እንግዳው ቀረ፤ መንገዱ አስፈሪ ሆነ፤ ማምሸትም በብዙ ሌሊት ተከለከለ። ማሲንቆው በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በእንግዳ ይኖሩ የነበሩት፣ አስጐብኚው፣ አልጋ የምታነጥፈው፣ አዝማሪውም በአንድነት ተቸገሩ፤ የሌሊት ጨዋታ ጠፋ ብሎ ደስ ያለው ካህን ቢኖር ከእነዚህ ሰዎች ቤት ገብቶ ምድጃቸውን ይመልከት። ሌሊቱ ጸጥ ባለ ጊዜ የሰውም ልብ ጸጥ አለ ማለት አልችልም፤ ፍርሃትም ጸጥታ አለው።

በአንድ የበዓል ሌሊት የመጣው ካህን ጥቂት ነበር፤ በየወገኑ የቆምነው ከወትሮው እኩሌታ አንሞላም። ዚቁ ከተጀመረ በኋላ ያ ልጄ ነጠላውን አጣፍቶ ገባ። ጐኑን አየሁ፤ እንግዳ አልነበረም። በኋላ መቋሚያ አጥቶ እጁን የሚያኖርበት ሲፈልግ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ከግድግዳው ጥግ አንዱን አንሥተው ሰጡት። ዝማሜው በጀመረ ጊዜ እርሱ ወደ ቀኝ ሲል እኛ ወደ ግራ፣ እኛ ወደ ቀኝ ስንል እርሱ ወደ ግራ ሆነ። መሪጌታው ሳይቆጡ ክርኑን ይዘው አንድ ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ አሉት፤ ዜማውንም አላቋረጡም።